ግሪዱ "የለም" ሲል፦ በፊልተርና በኩዌሪ መካከል ያለው ምርጫ

ኤክሴል የሚነካ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ በዓምዱ ራስ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ ቀስት ያውቃታል። ሲጫኗት የከተሞች ዝርዝር ትዘረጋለች፤ "አዳማ" ላይ ብቻ ምልክት ሲቀር የሌሎቹ ከተሞች ረድፎች ከዓይን ይሰወራሉ። ሰንጠረዡ አጭርና ንጹሕ ይሆናል። ከሥር በተለመደው የድምር ቀመር የተጻፈው ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም፤ አሁንም የሚደምረው የሁሉንም ከተሞች ሽያጭ ነው። የተደበቁትን ትቶ የሚታዩትን ብቻ የሚደምረው "ሰብቶታል" የሚባለው ሌላ ቀመር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የአዳማን ሪፖርት የያዘ መስሎት የአገሩን ድምር ይዞ ስብሰባ ይገባል። ማንም አልዋሸውም። ፊልተሩ የገባው ቃል መደበቅ ነበር፤ ደበቀለት።

በዚህች ቀስት ውስጥ ያለው ጉዳይ ሲስተም ሠሪዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። መረጃን በረድፍና በዓምድ የሚያሳየው መስኮት፣ ባለሙያዎቹ ግሪድ የሚሉት፣ ተጠቃሚው የፈለገውን ብቻ እንዲያሳይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያለውን ሁሉ አምጥቶ የማይፈለገውን መደበቅ ነው፤ ፊልተር ይሉታል። ሁለተኛው የሚፈለገውን ብቻ ከዳታቤዙ ጠይቆ ማምጣት ነው፤ ይህ ኩዌሪ ነው። የአንድ ባለጉዳይ ፋይል የሚፈልግ ሠራተኛ ወይ የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አስዘርግፎ ያገላብጣል፣ ወይ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሰጥቶ አንድ ፋይል ይቀበላል።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በፍጥነት ላይ ነው፤ የቱ ቶሎ ይከፈታል፣ የቱ ሰርቨሩን ያጨናንቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ግሪዱ ባዶ ሆኖ "የለም" ሲል ስለ ምን እየተናገረ ነው የሚለው ነው። ፊልተር "ወደ እኔ ከመጣው ውስጥ የለም" ማለቱ ነው። ኩዌሪ "በማከማቻው ውስጥ የለም" ይላል። ተጠቃሚው ሁለቱንም የሚሰማው በሁለተኛው ትርጉም ነው። በቅርብ ዓመታት ተዘጋጅተው የሚሸጡ የግሪድ መሣሪያዎችና ያለ ኮድ መተግበሪያ የሚያሠሩ መድረኮች ሲበዙ ይህ ልዩነት ይበልጥ ከዓይን ራቀ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት ፎክስፕሮ ወደሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ዘመን መመለስ ይጠቅማል። ኤድጋር ኮድ የሪሌሽናል ዳታቤዝን ንድፈ ሐሳብ በ1970 ካሳተመ (በዚህ ጽሑፍ የሶፍትዌር ታሪክ ዘመኖች እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስም በ1974 ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ መነሻ በአይቢኤም ካቀረቡ ወዲህ፣ የትልልቅ ኮምፒውተሮች ዓለም ወደ ኩዌሪ ያደላ ነበር። ምን እንደምትፈልግ ተናገር፣ እንዴት እንደሚገኝ ለማሽኑ ተወው የሚል አስተሳሰብ ነው። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ያደገው የፕሮግራመር ትውልድ ግን በሌላ በር ገባ። ዲቤዝና እንደ ፎክስፕሮ ያሉ ተከታዮቹ ያስተማሩት አንድ ፋይል ከፍቶ ከመዝገብ ወደ መዝገብ መራመድን ነው። በዚያ ዓለም "ሴት ፊልተር ቱ" የምትል አንዲት መስመር ትእዛዝ ድንቅ ነገር ነበረች። እሷ ከተጻፈች በኋላ ግሪዱም ሪፖርቱም መስፈርቱን የማያሟሉትን መዛግብት እንደሌሉ ቆጥሮ ያልፋቸዋል።

ለማለፍ ግን ማንበብ ያስፈልጋል። ከ300 ሺህ መዛግብት 12ቱ ብቻ መስፈርቱን ቢያሟሉ፣ ግሪዱ አንድ ረድፍ ወደ ታች ለመውረድ ቀጣዩን እስኪያገኝ በአማካይ 25 ሺህ መዛግብት ይፈትሻል። ፋይሉ በሌላ ክፍል ባለ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ እነዚያ ሁሉ በኔትወርኩ ገመድ ተጉዘው ይመጣሉ። በዚያ አሠራር ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚመልስ የሰርቨር ፕሮግራም አልነበረም፤ አንባቢው የሠራተኛው የራሱ ኮምፒውተር ነው። በ1991 የወጣው ፎክስፕሮ 2.0 ረሽሞር የተባለውን ብልሃት ሲያመጣ፣ መዛግብቱን ቶሎ ለማግኘት የሚሠሩትን ማውጫዎች፣ ኢንዴክሶቹን፣ ብቻ አይቶ የትኞቹ መዛግብት እንደሚያልፉ አስቀድሞ ማወቅ ተቻለ። ማይክሮሶፍት በ1992 ፎክስ ሶፍትዌርን ሲገዛ ይህ ፍጥነት የፎክስፕሮ መታወቂያ ነበር። ሆኖም ግሪድ ላይ "ሴት ፊልተር" መጠቀም በቪዥዋል ፎክስፕሮ ባለሙያዎች ዘንድ የዝግታ ምንጭ ተብሎ እንደተነቀፈ ቆየ። ምክራቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ ፊልተሩን ተው፣ በኩዌሪ ከርሰር የሚሉትን ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ሥራ፣ ወይም መስፈርት እየተቀበለ የሚታደስ ቪው አዘጋጅ።

ምክሩ ትክክል ነበር፤ የራሱን ጣጣ ግን ይዞ መጣ። ግሪዱ የቆመበት ከርሰር በአዲስ ኩዌሪ ሲተካ መሠረቱ ስለሚነቀል በጥንቃቄ የተዘጋጁት ዓምዶች፣ ስፋታቸውና ርእሳቸው፣ በውስጣቸው የተጻፈው ኮድ ሳይቀር ይጠፋል። መፍትሔው የዞረ ቢመስልም ይሠራ ነበር፤ አዲሱን ውጤት በሌላ ከርሰር ያወጡና ግሪዱ የያዘውን ከርሰር ሳይነቅሉ ባዶ አድርገው ይዘቱን መልሰው ይሞሉበታል። ከዚህም የሚያስገርመው ሌላው ባሕርዩ ነው። ቪዥዋል ፎክስፕሮ በኢንዴክስ ሙሉ በሙሉ የሚፈታ ቀላል ኩዌሪ ሲሰጠው፣ አዲስ ከርሰር ከመሥራት ይልቅ ያንኑ ሰንጠረዥ ዳግም ከፍቶ ፊልተር ሊያደርግበት ይችላል። ፕሮግራመሩ ኩዌሪ ጠይቆ ፊልተር ተቀበለ ማለት ነው። ያንን "ከርሰር" በሌላ ኩዌሪ ውስጥ ልጠቀምበት ሲል ስህተቱ ይፈነዳል። ይህን ለመከልከል "ኖፊልተር" የምትል ቃል በቋንቋው ውስጥ ተጨመረች። መሣሪያው ራሱ ሁለቱን ሲያምታታቸው ተጠቃሚው ይለያቸዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የቪዥዋል ፎክስፕሮ የመጨረሻ ስሪት በ2004 ወጣ፣ የማይክሮሶፍት ድጋፍም በ2015 አበቃ። ክርክሩ አላበቃም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። በ2002 ከማይክሮሶፍት ዶትኔት ጋር የመጣው ኤዲኦ ዶትኔት መረጃውን ወደ ማሽኑ ማስታወሻ አምጥቶ ከዳታቤዙ ጋር ያለውን መስመር የመቁረጥን አሠራር አስፋፋ፤ በመጣው ላይ "ሮውፊልተር" እየተባለ ይጣራል። ከ2005 ወዲህ ደግሞ ብሮውዘሩ ገጽ ማሳያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ቦታ ሆነ፣ ግሪዱም ከነፊልተሩ ወደዚያ ተሻገረ።

ዛሬ ብዙ የድረ ገጽ ሠሪ ግሪድ አይጽፍም፤ ተዘጋጅቶ የተሠራ ያመጣል። ዴታቴብልስ ካልታዘዘ በቀር የሚያጣራው ብሮውዘሩ ውስጥ ያለውን ነው። የኤምዩአይ ዴታ ግሪድም እንዲሁ፤ በሰርቨር አጣራ ተብሎ ካልተነገረው በደንበኛው በኩል፣ ማለትም በብሮውዘሩ፣ ያጣራል። ኤጂ ግሪድ መረጃውን የሚቀበልባቸው አራት ሞዴሎች አሉት፤ ሳይነካ ሲቀር የሚሠራው ሁሉንም በአንዴ የሚረከበው ነው። ሠሪዎቹን መውቀስ አይገባም። በሰርቨር ለማጣራት ሰርቨሩ ላይ የሚጻፍ ኮድ ያስፈልጋል፤ የግሪዱ ሠሪ ያንን አያውቀውም፤ እሱ ሊሰጥ የሚችለው ያለ ሰርቨር የሚሠራውን ነው። ውጤቱ ግን ምርጫው ሳይመረጥ መመረጡ ነው። ለማሳያ በቀረቡት 200 ረድፎች ላይ ፊልተሩ እንደ መብረቅ ይሠራል፣ ፈራሚው ይደሰታል፣ ርክክብ ይፈጸማል። 200ው 200 ሺህ ሲሆን ሠሪው ሌላ ሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማምታቻ አለ። የግሪድ ሻጮች "ቨርቹዋላይዜሽን" የሚሉት ብልሃት በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ጥቂት ረድፎች ብቻ ስለሚስል መቶ ሺህ ረድፍ ያለው ግሪድ ሳይንተፋተፍ ይንሸራተታል። ጥሩ ብልሃት ነው። ግን የሚፈታው የመሳልን ችግር ነው፤ የማምጣትን ችግር አይነካም። መቶ ሺው ረድፍ አስቀድሞ በተጠቃሚው የሞባይል ዳታ ወርዷል፣ ከፍሎበታልም።

ሁሉንም ማምጣት ቢያንስ እውነተኛ መልስ ይሰጣል፤ ይዘገያል እንጂ አይዋሽም። አደገኛው ግማሽ መንገድ ነው። ፕሮግራመሩ ዝግታውን አይቶ ከሰርቨሩ የመጀመሪያዎቹን 100 ረድፎች ብቻ ያመጣል፣ ፊልተሩን ግን እንደነበረ በብሮውዘሩ ይተወዋል። ተጠቃሚዋ "ወለተ ማርያም" ብላ ትጽፋለች። ወለተ ማርያም በ4 ሺኛው ረድፍ ላይ አለች። ግሪዱ በሚሊሰከንድ ውስጥ "ምንም አልተገኘም" ይላል፤ ፍጥነቱ ራሱ እርግጠኛነትን ያላብሰዋል። ከዚያ ወለተ ማርያም እንደ አዲስ ትመዘገባለች። የአንድ ሰው ሁለት መዝገብ ስለሚፈጥር ሲስተም ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊዋን እንወቅሳለን፤ ፍለጋው የት እንደተካሄደ የሚጠይቅ የለም።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስለን። የማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ፣ ኮድ የማይጽፉ የቢሮ ሰዎች መተግበሪያ የሚሠሩበት መድረክ፣ የተጻፈለትን መስፈርት ወደ መረጃው ምንጭ መላክ ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን 500 መዛግብት ብቻ አምጥቶ በእነሱ ላይ ያጣራል። ቁጥሩን እስከ 2,000 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ አያልፍም። ሠሪው በሥራ ላይ ሳለ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይታየዋል፣ ያ የመድረኩ ሐቀኝነት ነው። መተግበሪያውን የሚጠቀመው ባልደረባው ግን ምንም አይታየውም። በ501ኛው መዝገብ ላይ ያለው ደንበኛ ለእሱ አልተፈጠረም።

ሰንጠረዥ የጎደለውን አለመናገሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እንግሊዝ በ2020 መኸር አይታዋለች። የኮቪድ ምርመራ ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲገባ፣ ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 (በእነሱ አቆጣጠር) ድረስ 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጪ ሆኑ፤ ከእነሱ ጋር የተነካኩትን ሰዎች መፈለጉም ዘገየ። እዚያ የነበረው የፊልተር ምርጫ አይደለም፤ በሽታው ግን ያው ነው። የሚታየው ሰንጠረዥ ሙሉ ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ኩዌሪን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ኩዌሪ ዋጋው ከባድ ነው፤ በሚገባ ካልተጻፈም በራሱ መንገድ ይሳሳታል። ተጠቃሚው በየፊደሉ ሲጽፍ በየፊደሉ ጥያቄ የሚልክ ግሪድ ሰርቨሩን ያስጨንቃል፤ ኔትወርኩ ሲወላውል ደግሞ ለ"አበ" የተላከው መልስ ለ"አበበ" ከተላከው በኋላ ደርሶ ስክሪኑን ይሸፍነዋል። ተጠቃሚው የጻፈው ሌላ፣ የሚያየው ሌላ። ጽሑፉ በቃሉ መሐል ይገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ ኩዌሪ ተራውን ኢንዴክስ መጠቀም አይችልም፤ በቃሉ መጀመሪያ የሚፈልግ ግን ይችላል። ገጽ በገጽ የሚያመጣውም አሠራር ቢሆን፣ "የመጀመሪያዎቹን 50 ሺህ ዝለልና ቀጣዮቹን 50 ስጠኝ" ሲባል ዳታቤዙ የሚዘለሉትንም ቆጥሮ ማለፍ ግድ ይለዋል። "ከዚህ ቁጥር በኋላ ያሉትን 50 ስጠኝ" ማለት እጅግ ይቀላል፤ ግን ተጠቃሚው 1,001ኛውን ገጽ በቀጥታ ክፈት ሲል እምቢ ለማለት መዘጋጀት ያስፈልጋል። ለእኔ እምቢታው ተገቢ ነው። 1,001ኛ ገጽ ላይ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው የተሻለ መፈለጊያ ነው።

ኩዌሪ በዝምታ መሳሳትም ያውቅበታል። ጎግል ሺትስ ውስጥ "ኩዌሪ" የተባለው ቀመር በአንድ ዓምድ ውስጥ ቁጥርና ጽሑፍ ሲደባለቅ የሚበዛውን ዓይነት ይይዝና ሌላውን እንደ ባዶ ይቆጥራል። የአዲስ አበባ የቤት ቁጥር የተሞላበት ዓምድ እናስብ፦ አብዛኛው 214፣ 1107 እያለ ይሄዳል፤ መሐሉ ላይ ግን ቁጥር ያልተሰጠው ቤት "አዲስ" ተብሎ ተጽፏል። ኩዌሪው እነዚያን "አዲስ"ዎች ባዶ አድርጎ ያልፋል። ያው ሰንጠረዥ በተለመደው ፊልተር ቢጣራ ሁሉም ይታያሉ። ሁለቱ መንገዶች ስለ አንድ መረጃ የተለያየ መልስ የሚሰጡበት ሌላም ቦታ አለ፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በተለመደው አቀማመጡ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደልን ሳይለይ ሲያወዳድር የብሮውዘሩ ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ይለያል። ስለዚህ ከኩዌሪ ወደ ፊልተር መቀየር የፍጥነት ማስተካከያ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ መጠራጠር ይበጃል፤ መልሱም አብሮ ሊቀየር ይችላል።

የእኛ አገር ሲስተም ሠሪ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ ሁለቱም ወደ ፊልተር የሚገፉት ናቸው።

የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ሥላሴና ስላሴ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ እንዲሁ። ተራ ኩዌሪ "ሀይሉ" ተብሎ ሲጠየቅ ኃይሉን አያመጣም። በዚህ ላይ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የግዕዝ ፊደል ያለበት ቃል በኩዌሪው ውስጥ ሲጻፍ ከፊቱ ኤን የምትባለዋ የላቲን ፊደል ካልተቀመጠች ቃሉን ወደ ጥያቄ ምልክቶች ይለውጠዋል፤ ጀማሪው "????" እየፈለገ እንደሆነ ሳያውቅ ባዶ ግሪድ ያያል። ብሮውዘሩ ላይ ሲሞክረው ይሠራለታል፣ ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ አጭር ኮድ መጻፍም እዚያ ይቀላል። እናም "ኩዌሪ በአማርኛ አይሠራም" ብሎ ይደመድምና ሁሉንም አምጥቶ ማጣራት ይጀምራል። መፍትሔው ግን ብዙ ሩቅ አይደለም። ስሙ እንደተጻፈ በአንድ ዓምድ ይቀመጣል፤ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ወጥ ፊደል የተመለሱበት ቅጂ በሌላ ዓምድ ይቀመጥና ኢንዴክስ ይደረጋል። ተጠቃሚው የሚጽፈው ቃል በዚያው ሕግ ይለወጥና በሁለተኛው ዓምድ ላይ ይጠየቃል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ባለቤቱ የመረጠው አጻጻፍ ነው። ኃይሉ ኃይሉ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው፣ ይህም ከፊደሉ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይነካል። ዳታቤዙ ቀኑን የሚያስቀምጠው በጎርጎርዮሳዊው ነው፤ ሒሳብ ሹሙ የሚጠይቀው ግን የ2016 በጀት ዓመትን ነው። ተደጋግሞ የሚሠራው ጥፋት እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ኢትዮጵያ ቀን እየቀየሩ ዓመቱን ማወዳደር ነው። ዓምዱ በቀመር ውስጥ ሲገባ በቀኑ ላይ የተሠራው ኢንዴክስ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፣ ኩዌሪው ይንቀራፈፋል፣ መጨረሻው እንደገና "ሁሉንም አምጥተን ብሮውዘር ላይ እንቀይረው" ይሆናል። መቀየር ያለባቸው ሁለቱ ድንበሮች ብቻ ናቸው። ሐምሌ 1 ቀን 2015 ማለት ጁላይ 8 ቀን 2023 ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 2016 ደግሞ ጁላይ 7 ቀን 2024። ከዚያ ኩዌሪው ከጁላይ 8 ቀን 2023 ጀምሮ ከጁላይ 8 ቀን 2024 በፊት ያለውን ስጠኝ ይላል። "እስከ ጁላይ 7" ብሎ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዓምዱ ሰዓትም የሚይዝ ከሆነ ድንበሩ የዚያ ቀን መጀመሪያ ሌሊት ላይ ያርፍና የሰኔ 30 ክፍያዎች በሙሉ ይወድቃሉ። በመንግሥት ቢሮ ሰኔ 30 ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ለሒሳብ ሠራተኛ አይነገርም። በወር የሚጠይቅ ግሪድም ቢሆን ድንበሩን በኮድ ውስጥ ቸክሎ መተው የለበትም፤ የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ውሎ የ2017ቱ በሴፕቴምበር 11 ውሏል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ትክክለኛነት ነው። ከዚህ ያልተናነሰው ጉዳይ ግን የመረጃው ጥበቃ ነው። ብሮውዘር ላይ የተደበቀ ረድፍ በሰውየው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ረድፍ ነው። የብሮውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ከፍቶ ከሰርቨሩ የመጣውን ማንበብ ሙያ አይጠይቅም። የደመወዝ ግሪድ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ብቻ በፊልተር የሚያሳይ ከሆነ፣ የሁሉም ደመወዝ ለሁሉም ታድሏል። በድረ ገጽ ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ በ2019 ባወጣው የኤፒአይ (ሲስተሞች መረጃ የሚለዋወጡበት በር) ስጋቶች ዝርዝር ይህንን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጦታል፤ ሰርቨሩ ያለውን ሁሉ ይሰጥና ማጣራቱን ለደንበኛው ይተዋል የሚል ነው ክሱ። በአገራችን የብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲለቀቅ ተማሪው የምዝገባ ቁጥሩን አስገብቶ የራሱን ውጤት ብቻ ያያል፤ ማንም ሰው የሁሉንም ውጤት አውርዶ ስሙን እንዲፈልግ አይደረግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማን ምን እንዲያይ ይፈቀድለታል የሚለው ውሳኔ ለግሪዱ መተው የለበትም፣ ለፕሮግራመሩ ትዝታም ጭምር። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ እንደ ጎርጎርዮሳዊው በ2016 ከወጣው 9.5 ስሪቱ ጀምሮ የረድፍ ደረጃ ፈቃድ በዳታቤዙ ውስጥ እንዲጻፍ ያስችላል፤ ኩዌሪው በስህተት ሁሉንም ቢጠይቅ እንኳ ዳታቤዙ የተፈቀደውን ብቻ ይሰጣል።

አዲስ ነገርም እየመጣ ነው። ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ ከ2022ቱ 3.40 ስሪት ወዲህ በብሮውዘር ውስጥ እንዲሠራ የሚያስችል ይፋዊ ድጋፍ አለው፤ ዳክዲቢም ለትንተና ሥራ ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ኢንዴክስ ያለው፣ ቋንቋው ሙሉ የሆነ እውነተኛ ኩዌሪ በተጠቃሚው ስልክ ላይ ሊሄድ ይችላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ለሚሠራ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ይህ ታላቅ እፎይታ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው በፊልተርና በኩዌሪ መካከል ያለው ልዩነት አከተመ ይላሉ። አልስማማም። ስልኩ ላይ ያለው የዳታቤዙ ቁራጭ ነው፤ ትናንት ማታ የወረደ፣ ምናልባትም የአንድ ወረዳ ብቻ። ቋንቋው ኤስኪውኤል ቢሆንም የሚመልሰው ስለዚያ ቁራጭ ነው። ልዩነቱን የሚወስነው የትእዛዙ ዓይነት መሆኑ ቀርቶ መልሱ የመጣበት ቦታ ሆኗል፤ እንዲያውም ልዩነቱ ይበልጥ ግልጽ ወጣ።

እንግዲህ ምርጫው እንዴት ይደረግ? የ80 ሠራተኞች ዝርዝር፣ የክልሎች ሰንጠረዥ፣ የአንድ ሱቅ የዕቃ ዋጋ፣ እነዚህን ሁሉንም አምጥቶ ማጣራት ነው፤ ለእነሱ በየፊደሉ ሰርቨር ድረስ መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው። እያደገ የሚሄድ ነገር ሲሆን፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የታካሚ መዝገብ፣ የግብር ከፋይ ፋይል፣ በኩዌሪ መጀመር ግድ ነው። ምርጡ አሠራር ሁለቱን በቅደም ተከተል መጠቀም ነው፤ ኩዌሪው በሒሳብ ቁጥርና በወር አጥብቦ ያምጣ፣ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው በመጣው ውስጥ እንደልቡ ያጣራ፣ ይደርድር፣ ያገላብጥ። ተጠቃሚው ከዚያ ወር ውጪ ሲጠይቅ ግን ግሪዱ በእጁ ባለው ላይ መልስ መስጠት የለበትም፤ ተመልሶ ይጠይቅ። ጠቅላላ ቁጥሩም ምንጊዜም ከዳታቤዙ ይምጣ። "ከ4,218 ውስጥ 100 ታይቷል" የምትል አንዲት መስመር በግሪዱ ሥር ብትኖር፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ግማሹ በተጠቃሚው ዓይን ይያዙ ነበር። የሚገርመው ይህችን መስመር መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ መሆኑ ነው።

የሶፍትዌር ርክክብ የምትፈርሙ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። ሠሪው በሚያሳያችሁ 200 ረድፍ ላይ አትፍረዱ። ሰንጠረዡ በመቶ ሺህ ረድፍ እንዲሞላ ጠይቁ፣ ከመጨረሻዎቹ ረድፎች አንዱን ስም ምረጡ፣ ከተቻለ ኃይሉ የሚባል፣ ከዚያ በመፈለጊያው ላይ "ሀይሉ" ብላችሁ ጻፉ። ግሪዱ "የለም" ካላችሁ አትፈርሙ።